የተቀዳው ልጅ፦ «የጊንጡ ቤት» እና የክሎን ጥያቄ

«የጊንጡ ቤት» አሜሪካዊቷ ደራሲ ናንሲ ፋርመር ለወጣት አንባቢዎች የጻፈችው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ታተመ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ገጸ ባሕርይ ማት የሚባል ልጅ ነው። ማት እናትም አባትም የሉትም፤ ከአንድ ሽማግሌ ገላ በተወሰደ ሕዋስ የተገኘ ክሎን ነው። ሽማግሌው ማቴዮ አላክራን ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን ኤል ፓትሮን እያለ ነው፣ በስፓኒሽ «ጌታው» እንደ ማለት። አላክራን በዚያው ቋንቋ ጊንጥ ማለት ሲሆን የመጽሐፉም ርዕስ የመጣው ከዚህ የቤተሰብ ስም ነው። የልጁም ሙሉ ስም ማቴዮ አላክራን ነው። አንድ ስም ለሁለት ሰው ተሰጥቷል፤ የታሪኩ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ ኦፒየም በምትባል ጠባብ አገር ውስጥ ነው። አገሪቱ የተዘረጋችው ዛሬ አሜሪካና ሜክሲኮ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው፤ ሜክሲኮ በልብ ወለዱ አዝትላን ተብላለች። ኦፒየምን የመሠረቷት የአደንዛዥ ዕፅ ከበርቴዎች ናቸው። ኤል ፓትሮን ለሁለቱ መንግሥታት ያቀረበው ውል ቀላል ነበር፦ ድንበሩን ልቀቁልን፤ በምላሹ ሊሻገር የሚሞክረውን ስደተኛ እንይዝላችኋለን፣ ዕፁንም ለእናንተ ዜጎች ሳይሆን ለሌላው ዓለም እንሸጣለን። መንግሥታቱ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ድንበሩ በነጭ የኦፒየም አበባ ማሳ ተሸፈነ፤ ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙት ሰዎችም የማሳው ሠራተኞች ሆኑ። ኤል ፓትሮን አገሩን በወጣትነቱ ዘመን እንደሚያውቀው ዓለም ሊያቆየው ስለሚሻ በኦፒየም ውስጥ ጊዜ የቆመ ይመስላል።

ደራሲዋ ይህን ድንበር በልጅነቷ ታውቀዋለች። በ1941 በፊኒክስ ተወለደች፤ ያደገችው ግን አባቷ ያስተዳድረው በነበረ ሆቴል ውስጥ፣ ሜክሲኮ ጥግ ባለችው የአሪዞና ከተማ በዩማ ነው። በኋላም በሞዛምቢክና በዚምባብዌ ለብዙ ዓመታት ኖራለች። በዚምባብዌ ምድር ላይ የተመሠረቱ ሁለት መጻሕፍቷ ከዚህኛው በፊት ታውቀዋል። ስለዚህ በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው የበረሃ ጠረን፣ የአጥርና የጠባቂ ፈረሰኛ ፍርሃት ከንባብ ብቻ የተቀዳ አይደለም።

ወደ ክሎን እንመለስ። ቃሉ የመጣው «ቀንበጥ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ በ1903 በእጽዋት ሳይንስ ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው ኸርበርት ዌበር ነው። ያን ጊዜ ቃሉ የሚያመለክተው ያለ ዘር ፍሬ፣ ከተክሉ አካል ተቆርጦ የሚበቅልን ተክል ነበር። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሲዳማም ሆነ በጉራጌ እንሰት የሚያለማ ሰው የእንሰቱን ዘር አይዘራም፤ አሚቾውን ቆርጦ አፈር ያለብሰዋል፤ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያዎቹ ሁሉ የእናቲቱን ተክል ዘረመል እንዳለ የያዙ ናቸው፤ በሳይንሱ ቋንቋ ክሎን ናቸው። ከሰው ልጅ መካከልም ከአንድ እንቁላል የሚወለዱ መንትዮች አንዱ የሌላው ክሎን ናቸው፤ ተፈጥሮ ሥራውን በማህፀን ውስጥ ጨርሳዋለች።

አዲሱ ነገር ያደገ እንስሳን በዚህ መንገድ መቅዳት መቻሉ ነበር። በኤዲንብራ አቅራቢያ በሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ኢያን ዊልመት፣ ኪዝ ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ከአንዲት የ6 ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ወሰዱ። ከሌላ በግ ያገኙትን እንቁላል አስኳሉን አውጥተው ከዚያ ሕዋስ ጋር በኤሌክትሪክ አዋሐዱት። 277 ጊዜ ይህን አደረጉ፤ ለማህፀን የበቁ ጽንሶች 29 ብቻ ሆኑ፤ ከእነሱም አንዲት ግልገል ብቻ ተወለደች። ዶሊ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በ1996 ተወለደች፤ ዓለም የሰማው ግን በየካቲት 1997 ነው። ዜናው እንደተሰማ ከሁሉ በፊት የተነሣው ጥያቄ ስለ በግ አልነበረም፤ «ሰውስ?» የሚል ነበር። «የጊንጡ ቤት» የወጣው ከዚህ 5 ዓመት በኋላ፣ ጥያቄው ገና ትኩስ ሳለ ነው።

የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይከፈታል። ኤድዋርዶ የሚባል ሠራተኛ 36 ጽንሶችን በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ ይጠብቃል። ከመቶ ዓመት በላይ በበረዶ ተይዘው ከቆዩ ሕዋሶች የመጡ ናቸው። ጽንሶቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ የተረፉት በላሞች ማህፀን ውስጥ ይገባሉ፤ እነሱም እያነሱ ሄደው በመጨረሻ አንድ ሕፃን ከላም ይወለዳል። ከ36 አንድ፣ ከ277 አንድ፦ ደራሲዋ ከሮዝሊን የተማረችው ዋናው ነገር ይህ የብክነት መጠን ይመስላል። ክሎን መሥራት የሚታሰበው እንደ ፎቶ ኮፒ ሲሆን በእውኑ ግን የብዙ ሞት ሥራ ነው፤ ልብ ወለዱም ይህን አልሸሸገም። ኤድዋርዶ በየሞቱ ያዝናል፤ ኃዘኑ ግን ከእንጀራው ፍርሃት ጋር የተደባለቀ ነው፤ ሁሉም ከሞቱ ሥራውን ያጣልና።

የዚህ ትዕይንት ሳይንስ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ፈጠራ ነው። ሕዋስን አቀዝቅዞ ለረዥም ጊዜ ማቆየት ይቻላል። በ2008 በጃፓን ቴሩሂኮ ዋካያማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለ16 ዓመታት በበረዶ ውስጥ ከቆየች አይጥ ክሎን ማግኘት ችለዋል። ላሚቱ ግን ፈጠራ ናት። የላም እንግዴ ልጅ ከማህፀኗ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ከሰው በጣም ስለሚለይ የሰው ጽንስ እዚያ ለመወለድ አይበቃም። ደራሲዋ ላሚቱን የመረጠችበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ከላም የተወለደ ልጅ በሰዎቹ ዓይን ከብት ነው፤ ማትም በእግሩ ሥር የተነቀሰ ምልክት አለው፤ ንቅሳቱ የአላክራን ርስት ንብረት መሆኑን ይናገራል።

በኦፒየም ሕግ ክሎን ሲወለድ አእምሮው በመርፌ ይጠፋል። አካሉ እያደገ ይጠበቃል፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ማት ከዚህ የተረፈው በርኅራኄ አይደለም፤ በኤል ፓትሮን ትዕቢት ነው። የሽማግሌው ክሎኖች ሙሉ አእምሮ እንዲኖራቸው፣ እንዲማሩና ደስ ብሏቸው እንዲኖሩ ትእዛዝ አለ፤ በእነሱ ውስጥ ራሱን፣ ያላገኘውንም ልጅነት ያያልና።

እስከ 6 ዓመቱ ማት በአበባው ማሳ መካከል ባለች ትንሽ ቤት ከሴሊያ ጋር ይኖራል። ሴሊያ የትልቁ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ ድንበር ልትሻገር ስትል የተያዘች ሴት። ማት እናቱ እንድትሆን ይመኛል፤ እሷ ግን እናቴ አትበለኝ ትለዋለች፣ ለአደራ ብቻ እንደተሰጣት ታውቃለችና። አንድ ቀን ልጆች በመስኮት ያዩታል። ከእነሱ ጋር ለመጫወት መስኮቱን ሰብሮ ሲዘል እግሩ በመስተዋት ይቆረጣል፤ ተሸክመው ወደ ትልቁ ቤት ይወስዱታል፤ ሰዎች ቁስሉን ሊያጥቡ እግሩን ሲያነሡ ንቅሳቱን ያነባሉ። ከዚያች ቅጽበት ወዲያ የሚያዝንለት ሰው የለም፤ ወደ ውጭ ይጣላል። ከዚያም ለወራት እንደ ዶሮ በሰጋቱራ በተሞላ ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል፤ ንግግሩንም ያጣል። ይህ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ለማንበብ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ደራሲዋም አላሳጠረችውም። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የተለወጠው የተመልካቾቹ ዕውቀት ብቻ ነው።

የመጽሐፉ አከፋፈል ራሱ አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ወጣትነት ሲሆን ከ0 እስከ 6 ዓመት ይሄዳል። ቀጥሎ ጎልማሳነት ይመጣል፤ ከ7 እስከ 11። ከዚያ እርጅና፦ ከ12 እስከ 14። አንባቢ መጀመሪያ ሲያየው የስሕተት ያህል ይገርመዋል፤ የ12 ዓመት ልጅ እንዴት ያረጃል? መልሱ የሚገኘው ክሎን የተሠራበትን ምክንያት ሲረዳ ነው፦ ክሎኑ የተሠራው አካሉ ተወስዶ ለሽማግሌው እንዲተከል ነው። የማት ዕድሜ የሚለካው በራሱ ልደት ሳይሆን ሽማግሌው ልብ በሚያስፈልገው ቀን ነው። ከ14 በኋላ የሚመጣው ክፍል ግን ዕድሜ አይቆጥርም፤ የተሰየመው በአዲስ ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማስተካከል ይገባል። ክሎን ማለት ያው ሰው እንደገና ማለት አይደለም። ልብ ወለዱ በታተመበት ዓመት መጀመሪያ ላይ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የመጀመሪያዋን የድመት ክሎን ይፋ አደረጉ፤ ሲሲ ብለው ሰየሟት። ሕዋሱን የሰጠችው ሬይንቦው ሦስት ቀለም የተቀላቀለባት ድመት ነበረች፤ ሲሲ ግን ያንን ብርቱካናማ ቀለም ይዛ አልተወለደችም። ምክንያቱ በሴት አጥቢ እንስሳ ሕዋስ ውስጥ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ በየሕዋሱ መዘጋቱ ነው፤ የትኛው እንደሚዘጋ የሚወሰነው ገና በጽንስነት በዕጣ ያህል ነው። ዘረመሉ አንድ ሆኖ ጠጉሩ እንኳ ካልተመሳሰለ፣ ልማድ፣ ትዝታና ጠባይ እንዴት ይመሳሰላሉ? መንታ ልጆች ያሳደገች እናት ይህን ያለ ሳይንቲስት ታውቀዋለች።

ናንሲ ፋርመር ይህን ሐሳብ የፈተነችው በሁለቱ ማቴዮዎች አስተዳደግ ነው። ኤል ፓትሮን የተወለደው በዱራንጎ፣ ድህነት ባደቀቀው መንደር ነው። ወንድሞቹና እኅቶቹ በልጅነታቸው አለቁ፤ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሞት ያወጣው ትርጉም አስፈሪ ነው፦ የእነሱ ያልተኖረ ዕድሜ ለእሱ የተቀመጠ ዕዳ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከ140 ዓመት በላይ ሲኖር፣ በሌሎች አካል ሲታደስ፣ የሰረቀ አይመስለውም፤ የሚገባውን የተቀበለ ይመስለዋል። የያዘውን ነገር ከቶ የማይለቅ ሰው ነው፤ የወደደውንም ሰው እንደ ዕቃ ያከማቻል። ማት ግን ያደገው በሴሊያ ፍቅር ነው። ፒያኖ ይጫወታል፤ ማሪያ የምትባል ልጅ ትወደዋለች፤ ማንበብም ይወዳል።

ሆኖም ደራሲዋ ልጁን ንጹሕ በግ አድርጋ አላቀረበችውም። በሽማግሌው የልደት ግብዣ ላይ ማት ከኤል ፓትሮን ጎን ተቀምጦ የሥልጣን ጣዕም ሲቀምስ፣ ማሪያ በሰው ሁሉ ፊት እንድትስመው ያስገድዳታል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ የሽማግሌውን ይመስላል። የጊንጡ መርዝ በደም ውስጥ አለ ወይስ የለም? መጽሐፉ መልሱን ለዘረመል አይተወውም። ታም ሊን የሚባለው ስኮትላንዳዊ አንጋች፣ ራሱ በወጣትነቱ በጣለው ቦምብ የልጆች ደም ያለበት ሰው፣ ማትን ወደ ተሰወረች ምንጭ እየወሰደ ሲያስተምረው፣ የሰው መንገድ በየትንሹ ምርጫ እንደሚለይ ያስረዳዋል። ይህን የሚናገረው ጥሩ የመረጠ ሰው ሳይሆን ክፉ መርጦ የሚጸጸት ሰው መሆኑ ለልጁ ክብደት አለው።

የሽማግሌው ዕቅድ በሕክምና ረገድ ትርጉም አለው። አካል ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲተከል የተቀባዩ የመከላከያ ሥርዓት እንግዳውን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ይህ ችግር የሚጠፋው ለጋሹና ተቀባዩ በዘረመል አንድ ሲሆኑ ነው። በታኅሣሥ 1954 በቦስተን ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ከሮናልድ ኸሪክ ኩላሊት አውጥተው ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ፤ በታሪክ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህ ነው። የተሳካውም ሁለቱ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ስለነበሩ ነው። ሮናልድ ኩላሊቱን ፈቅዶ ሰጠ። ማትን ግን የሚጠይቀው የለም። ካዙኦ ኢሺጉሮ በ2005 ለጎልማሶች ያሳተመው ልብ ወለድም ይህንኑ ጭብጥ ያነሣል፤ የኢሺጉሮ ክሎኖች ዕጣቸውን በዝምታ ሲቀበሉ፣ የፋርመር ማት ግን ይሸሻል። ለወጣት አንባቢ መጻፍ ማለት ምናልባት ይህን መውጫ መስጠት ነው።

ማትን ያዳነችው ሴሊያ ናት። ለረዥም ጊዜ ለልጁ በጥቂት በጥቂቱ አርሴኒክ ስትሰጠው ኖራለች፤ ለመግደል የማይበቃ፣ ልቡን ግን ለአንድ አቅመ ደካማ ሽማግሌ መርዝ የሚያደርግ መጠን። ቀኑ ሲደርስ ያደረገችውን በሽማግሌውና በሐኪሞቹ ፊት ተናገረች፤ ልቡ ለሌላ የማይሆን ሆነ፤ ኤል ፓትሮንም ሞተ። የወጥ ሠሪዋ ጓዳ የጌታውን ሥልጣን ሰበረ። ማትን ይጠብቀው የነበረው ሽማግሌ ሲሞት ልጁን እንዲያጠፋ የታዘዘው ታም ሊን ከአገሩ አሻግሮ ያስመልጠዋል።

በኦፒየም ውስጥ ከክሎኖች የባሰ ዕጣ ያላቸው ሰዎችም አሉ። በማሳው ላይ የሚሠሩት በአንጎላቸው ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ የተተከለባቸው ናቸው፤ ኢጂት ይባላሉ። ትእዛዝ ካልሰሙ ውኃ አይጠጡም፤ በፀሐይ ወድቀው ይሞታሉ። ትናንት ስደተኛ የነበረ፣ ቤተሰቡን ለመመገብ ድንበር የተሻገረ ሰው ዛሬ መሣሪያ ሆኗል። አንባቢ በማት ላይ የተፈጸመውን ግፍ እያየ፣ ማት ራሱ ግን እነዚህን ሰዎች ለብዙ ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል። ይህ የመጽሐፉ ጥልቅ ስፍራ ነው፦ ተጨቋኝ መሆን ሌላውን ተጨቋኝ የማየት ዓይን በራሱ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአዝትላን ክፍል ከፊተኛው በጥንካሬ ያንሳል። ማት ወላጆቻቸው ሲሻገሩ ከጠፉባቸው ልጆች ጋር በአንድ የፕላንክተን ፋብሪካ ውስጥ ይታሰራል፤ ጠባቂዎቹ ስለ እኩልነት እየሰበኩ ልጆቹን ያስርባሉ፣ ይገርፋሉ። እዚያ ግን ማት ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኞች ያገኛል፤ ቻቾ፣ ፊደሊቶና ቶንቶን። ክሎን መሆኑን ያላወቁት ልጆች እንደ ማንኛውም ሰው ቆጠሩት፤ ይህም ለእሱ ከሁሉ የበለጠ ነገር ነበር።

መጨረሻው በሕግ ላይ የቆመ ነው። በልብ ወለዱ ዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት አንድ ሰው በሁለት አካል ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው በሕይወት እያለ ክሎኑ ሰው አይባልም፤ ዋናው ሲሞት ግን ክሎኑ ራሱ ያ ሰው ይሆናል። ከኤል ፓትሮን ሞት በኋላ የተዘጋውን አገር ሊከፍት የሚችለውም መዳፉ ከኤል ፓትሮን መዳፍ ጋር አንድ ሆኖ የሚነበበው ማት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሳይንሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ የመንትዮች የጣት አሻራ እንኳ አንድ ስላልሆነ መሣሪያው የሚያነበው አሻራን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩ አይከፈትም ነበር፤ ዘረመልን ቢያነብ ግን ይከፈታል። በቤቱም የሚጠብቀው ዝምታ ነው፦ በሽማግሌው ቀብር ላይ የተቀዳውን ወይን የጠጡ ሁሉ ሞተዋል፤ ሽማግሌው ከሄደ በኋላ ቤቱ ለማንም እንዳይቀር ወይኑን በመርዝ አዘጋጅቶት ነበር። ታም ሊን መርዝ መሆኑን እያወቀ ጠጥቷል።

ከልብ ወለዱ ውጭ ያለው ሕግ በሌላ በኩል ነው የሚሄደው፤ የሚከለክለው ክሎኑን ሳይሆን ሥራውን ነው። ዩኔስኮ በ1997 ባወጣው የሰው ዘረመል መግለጫ ሰውን በክሎን መውለድ ከሰው ክብር ጋር እንደሚቃረን አስፍሯል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም በ2005 አስገዳጅ ያልሆነ ተመሳሳይ መግለጫ አጽድቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደቡብ ኮሪያው ሳይንቲስት ህዋንግ ዉ ሱክ ከሰው ክሎን ጽንስ ግንድ ሕዋስ አግኝቻለሁ ያለው ሐሰት መሆኑ ተጋለጠ። በ2013 በኦሬገን ሹክራት ሚታሊፖቭና ባልደረቦቻቸው ይህን በእርግጥ ሠሩት፤ ዓላማቸው ግን ሕዋስ ማግኘት እንጂ ልጅ መውለድ አልነበረም። በ2018 መጀመሪያ በቻይና ዞንግ ዞንግና ኋ ኋ የተባሉ ጦጣዎች በዶሊ መንገድ መወለዳቸው ተነገረ። በክሎን የተወለደ ሰው መኖሩ ግን ከቶ አልተረጋገጠም። ከዚህም ሌላ በ2006 በጃፓን ሺንያ ያማናካ ያደገን ሕዋስ ወደ ጽንስነት ጠባይ የሚመልሱበትን መንገድ አገኙ፤ ለበሽተኛ ከራሱ ሕዋስ የተሠራ ሥጋ የማዘጋጀት ተስፋ አሁን የሚያልፈው በዚህ በር ነው፤ ማንም ልጅ መወለድና መታረድ አይኖርበትም።

መጽሐፉ በታተመበት ዓመት በአሜሪካ የብሔራዊ መጽሐፍ ሽልማትን በወጣቶች ዘርፍ አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም የኒውበሪና የፕሪንትዝ የክብር መጽሐፍ ተባለ። ናንሲ ፋርመር ወደ ታሪኩ የተመለሰችው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ባሳተመችው «የኦፒየም ጌታ» ነው። በዚያ ማት 14 ዓመቱ ነው፤ ሀብቱንና ሥልጣኑን ወርሶ ተቀምጧል፤ ከሁሉ በፊት የያዘው ሥራም በማሳው ላይ የወደቁትን ኢጂቶች አንጎል ከቺፑ የሚያላቅቅ ሐኪም መፈለግ ነው።